ስድስተኛዋ ማን ትሁን?

ሎረል ቴግላንድ የራኬቷን እጀታ ፈትታ እንደገና ጠቀለለችው። የመጀመሪያው ጥቅል አንድ ቦታ ላይ ተሸብሽቦ ነበር፤ የተሸበሸበ እጀታ ላብ ሲነካው መዳፍ ውስጥ ይዞራል። አባቷ በደቡብ ዳኮታ የመስኖ ማሽን ጠጋኝ ነው። ልጁን ሲያሳድግ ደጋግሞ ያስተማራት አንድ ነገር ቢኖር፣ ብሎን ሳይጠብቅ ሞተር እንደማይነሳ ነው። ጨርሳ ራኬቱን በመዳፏ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገችውና ተነሳች።

ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። የሚኒሶታ ብርድ በጥር ወር ውጭ ቴኒስ አያጫውትም። የሰሜን ሐይቅ ኮሌጅ የሴቶች ቡድን የሚለማመደው በአየር በተነፋ ትልቅ ነጭ ድንኳን ውስጥ ነው። በአንዱ ጥግ ያለው ማሞቂያ ቀኑን ሙሉ እንደ ትራክተር ያጓራል።

«ዛሬ ማን ማንን ትበላለች?» አለች የቡድኑ አምበል ታንዲ ኦከርሉንድ፣ በአጠገቧ ስታልፍ።

«ሂጂ ወደዚያ።»

«እኔማ አንደኛ ስለሆንኩ አልፈራም። እናንተ ናችሁ የምትፋጁት።»

ቀልድ ቢመስልም እውነት ነው። የኮሌጅ ቴኒስ ቡድን ቢበዛ አሥር ልጅ ይኖረዋል፤ ከሌላ ኮሌጅ ጋር ሲገጥም ግን የሚሰለፉት ስድስት ብቻ ናቸው፣ ከኃይለኛዋ ጀምሮ እስከ ስድስተኛዋ በተርታ። ሁለት ለሁለት የሚደረገውን የጥንድ ግጥሚያም የሚጫወቱት እነዚያው ስድስቱ ናቸው። ሰባተኛዋ ፎጣ ታቀብላለች፣ ጉሮሮዋ እስኪደርቅ ትጮሃለች፣ ወደ ቤት ሲመለሱ ደግሞ በአውቶቡሱ የኋላ ወንበር ላይ ላብ ሳይነካው የዋለ ልብሷን እንደለበሰች ትተኛለች። ሎረል ሦስት ዓመት ሙሉ ሰባተኛ ነበረች። ስኮላርሺፕ ያላት ልጅ አይደለችም፤ አንደኛ ዓመት ላይ በር አንኳኩታ፣ ተፈትና የገባች ናት። ይህ አራተኛ ዓመቷ ነው፤ ግንቦት ላይ ትመረቃለች።

ባለፈው ዓመት ስድስተኛ የነበረችው ልጅ ተመርቃ ስትሄድ ቦታው ክፍት ሆነ። በነሐሴ ግን ፈረንሳይኛ ከሚነገርባት ከኬቤክ፣ ከትሯ ሪቪዬር ከተማ፣ አሰልጣኝዋ ራሳቸው ሄደው ያመጧት የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ መጣች፤ ኮሊት ቡሻር ትባላለች። መከር ላይ ሁለት ጊዜ ተጋጥመው አንድ አንድ ተካፍለዋል። ይህ ሦስተኛው ነው። ቀድማ ስምንት ጌም፣ ማለትም ስምንት የነጥብ ዙር፣ ያሸነፈች ስድስተኛ ትሆናለች፤ ሌላዋ ሰባተኛ።

ሰዓቱም የዋዛ አልነበረም። ከወቅቱ በፊት የወጣው የደረጃ ዝርዝር ሰሜን ሐይቅን ሠላሳ አንደኛ ላይ አስቀምጦታል። ቅዳሜ የሚመጣው ካርቨር ሂል ኮሌጅ አሥራ ስምንተኛ ነው። እሱን ያሸነፈ ቡድን በአንድ ቀን አምስት ስድስት ደረጃ ይዘላል፤ የተሸነፈ ደግሞ እስከ መጋቢት ሲያሳድድ ይከርማል። በዚያ ላይ አሰልጣኝ ፕሪቸት ሰኞ ዕለት «የካርቨር ሂል ደካማ ቦታው የተርታው ታች ነው፤ ቅዳሜ የሚወስነው ስድስተኛው ሜዳ ነው» ብለው ነበር። ይህን ከሰማች ጀምሮ ሎረል እንቅልፍ አልወሰዳትም ማለት ይቻላል።

ግጥሚያው ተጀመረ። ዳኛ የለም። በልምምድ እያንዳንዷ በራሷ በኩል ያረፈውን ኳስ ራሷ ትዳኛለች፤ ከመስመር ካለፈ «ውጭ» ትላለች ወይም ጣቷን ወደ ላይ ታነሳለች። አሰልጣኝ ፕሪቸት በሦስት ሜዳዎች መካከል ይመላለሳሉ። ውጤቱን የሚይዘው በመረቡ ምሰሶ ላይ የተንጠለጠለው የቁጥር ካርድ ነው፤ ሜዳ ሲቀያየሩ እያንዳንዷ የራሷን ቁጥር ትገለብጣለች።

ሎረል አጥቅታ አትጫወትም። ኳስ ትመልሳለች። እንደገና ትመልሳለች። ባላንጣዋ ሰልችቷት እስክትሳሳት ድረስ ከመስመሩ ጀርባ ሆና ወዲያ ወዲህ ትላለች። ኮሊት ደግሞ ቁጡ ናት፤ ስትመታ ኳሱ ያፏጫል፣ ስትስት በፈረንሳይኛ ትሳደባለች። ዘጠኝ ጌም ሲያልቅ ካርዱ አምስት ለአራት ይል ነበር፤ ሎረል በአንድ ትመራለች።

አሥረኛው ጌም የኮሊት ሰርቭ ነበር፤ ኳሱን መትታ የምትጀምረው እሷ ናት። አርባ እኩል ሆኑ። በኮሌጅ ቴኒስ አርባ እኩል ላይ መጓተት የለም፤ አንድ ነጥብ ይወስናል። ያችኛዋ ነጥብ ረዘመች። ሎረል ስታፈገፍግ፣ ስታፈገፍግ፣ ጀርባዋ የድንኳኑን መጋረጃ ሊነካ ደረሰ። ኮሊት መታችና ኳሱ ሎረልን አልፎ ከኋላዋ ወደቀ። ሎረል ዞራ አየችው፤ ከመስመሩ በጣት ስፋት አልፏል። ጣቷን አነሳች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ኳሱን ከመጋረጃው ሥር ለቀመችና ቀጣዩን ጌም ልትሰርቭ ተዘጋጀች። ስድስት ለአራት፣ አለች በልቧ።

ያን ጌምም አሸነፈች። ሜዳ ሊቀያየሩ ሲሉ የግራ ጫማዋ ክር ተበጠሰ። ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ከቦርሳዋ ሌላ ክር አወጣችና በየቀዳዳው ማስገባት ጀመረች። ኮሊት የራሷን ቁጥር ገልብጣ ወደ ቦታዋ ሄደች። ሎረል ክሩን አስራ ስትነሳ ኮሊት ኳስ እያነጠረች ትጠብቃት ስለነበር ሮጠች። ካርዱን አልነካችም፤ ቀና ብላም አላየችውም። ሦስት ዓመት በልምምድ ስትገለብጠው ኖራ ያን ቀን ዘለለችው።

ቀጣዩን ጌም ኮሊት በላች። ሎረል ኳሷን ተቀብላ መስመር ላይ ቆመች። አንድ ጌም ብቻ። ድምጿን ከፍ አድርጋ «ሰባት ለአምስት!» አለች።

ኮሊት ራኬቷን ዝቅ አደረገች። «ምን?»

«ሰባት ለአምስት።»

«እንዴ! ስድስት እኩል ነን እንጂ። ከየት ያመጣሽው ሰባት ነው?»

«ከአሥረኛው ጌም። ኳስሽ ውጭ ወጣ።»

«ማን አለ? እኔ በላሁት ብዬ ነው የሄድኩት!» ኮሊት በራኬቷ ወደ ምሰሶው ጠቆመች። «ካርዱን እይ። አምስት አድርጌዋለሁ፤ ያኔ ለምን ዝም አልሽ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!»

ሎረል ካርዱን አየች። አምስት ለአምስት። የኮሊት አምስት አዲስ ነው፤ የእሷ አምስት ግን ዘጠነኛው ጌም ላይ የተገለበጠው ነው። ያን ጊዜ ወደ ካርዱ ሄዳ ቢሆን ኖሮ የኮሊትን ቁጥር ታይ ነበር፤ ነገሩም እዚያው ያልቅ ነበር።

«ምን አቆማችሁ?» አሰልጣኝ ፕሪቸት ከሦስተኛው ሜዳ መጡ። ሃምሳዎቹን ያለፉ፣ አጭር፣ ከቃላቸው ፊሽካቸው የሚቀድም ሴት ናቸው። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ማውራት ሲጀምሩ እጃቸውን አነሱ። «በተራ። ኮሊት።»

ኮሊት ተናገረች። ቀጥሎ ሎረል። አሰልጣኝዋ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። አጠገባቸው ባለው ሜዳ ታንዲ መጫወቷን አቁማ ታያለች።

«ሎረል፤ ኳሱን በዓይንሽ አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ ኮች። ይህን ያህል ውጭ ነው።» ሁለት ጣቶቿን አቀራርባ አሳየች።

«ውጭ ብለሽ ጮኸሻል?»

ሎረል መልስ ከመስጠቷ በፊት ኮሊት ጣልቃ ገባች። ፊቷ ቀልቷል፤ ግን የምትናገረው እያመማትም ቢሆን ነው። «ማሞቂያው ያጓራል ኮች። ጮኻ ከሆነ ላልሰማ እችላለሁ። እጅ ግን አላየሁም። ያንን እምላለሁ።»

«በቃ» አሉ አሰልጣኝዋ። «ጮኼያለሁ ካልሽ ቃልሽን እቀበላለሁ፤ ሰባት ለአምስት ብለሽ ትሰርቪያለሽ። ጮኸሻል ወይስ አልጮህሽም?»

ሎረል ራኬቷን አየች። ኳሱ ውጭ ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ጮኸሽም አልጮህሽም ያረፈበት ቦታ አይቀየርም። አንድ ቃል ናት። ከዚያች ቃል ወዲያ አንድ ጌም አለ፤ ከጌሙ ወዲያ ቅዳሜ፣ ካርቨር ሂል፣ ስድስተኛው ሜዳ። የሚያውቅ ሰው የለም። ኮሊት እንኳ ራሷ በሩን ከፍታላታለች። ቃሏን አፏ ላይ አዘጋጀቻት። ከዚያ ግን ያችን ቅጽበት እንደገና አየቻት፤ ፊቷ ወደ መጋረጃው፣ ጣቷ ደረቷ ፊት ለፊት፣ ጀርባዋ ለኮሊት። ውጭ ያለችው ለማን ነው? ለመጋረጃው።

«አልጮህኩም» አለች። «ጣቴን አነሳሁ። ግን ዞሬ ነበር። ልታየኝ አትችልም።»

«እንግዲያው ያልተነገረ ውጭ የለም። ኳሱ ውስጥ ነው። ስድስት እኩል።»

«ኮች፣ ኳሱ እኮ ውጭ ነበር!»

«አምኜሻለሁ። ስድስት እኩል። ካርዱን አስተካክሉና ቀጥሉ።» ብለው ዞር አሉ፤ ግን ወደ ሦስተኛው ሜዳ አልተመለሱም። እጃቸውን አጣጥፈው ምሰሶው አጠገብ ቆሙ።

ሎረል ስትሰርቭ ክንዷ እንደ እንጨት ደርቆ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ነጥቦች በንዴት ሰጠች፤ ከዚያ ራሷን ገሰጸችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። መመለስ። ደግሞ መመለስ። አርባ እኩል ደረሱ። በወሳኟ ነጥብ አንደኛው ሰርቭ መረብ ነካ። ሁለተኛውን በጥንቃቄ አነሳችው፤ ከልክ በላይ ተጠንቅቃለትም ነበርና ኳሱ በመረቡ አናት ላይ ተንገዳገደና ወደራሷ በኩል ወደቀ። ስድስት ለሰባት።

ሜዳ ተቀያየሩ። ኮሊት ውኃ ጠጣች፤ ስትጣደፍ ከጠርሙሱ አገጯ ላይ ፈሰሰ። ሎረል ያንን አየችና ተስፋ አደረገች።

ኮሊት ሰርቭ ጀመረች። አሥራ አምስት፣ ሠላሳ፣ አርባ ለአሥራ አምስት። ሁለት ዕድል አላት፤ አንዱን ብታገባ አለቀ። የመጀመሪያውን ከመስመር አሳለፈችው። ሎረል ፊቷን ወደ እሷ አድርጋ፣ ክንዷን ዘርግታ «ውጭ!» ስትል ድንኳኑ አስተጋባ። ሁለተኛውን ኮሊት መረብ ላይ ቀበረችው። አርባ እኩል።

«ጎን ምረጪ» አሉ አሰልጣኝዋ። ወሳኟ ነጥብ ላይ ሰርቩን የምትቀበለው ናት የምትመርጠው።

«ግራ» አለች ሎረል። በግራ በኩል የኮሊት ሰርቭ ይለሰልሳል። አልተሳሳተችም፤ ኳሱ ለስላሳ መጣ፣ ሎረልም እግሯ ሥር መለሰችላት። ከዚያ መቁጠር የሚቸግር ምልልስ ሆነ። አሥር፣ አሥራ አምስት፣ ሃያ። ኮሊት አንድ ጊዜም አልተሳደበችም፤ ያ ነው ሎረልን ያስፈራት። ይህቺ ልጅ መታገስ ተምራለች። ከማን? ከእሷው ከራሷ፣ ሦስት ግጥሚያ ሙሉ ከመረቡ ማዶ እያየቻት። ድንገት ኮሊት ኳሱን አሳጥራ ከመረቡ ጀርባ ጣል አደረገችው። ሎረል ሮጠች። ደረሰች። ከመሬት አንድ ስንዝር ላይ ጨልፋ አነሳችው፤ ኳሱም ተሻገረ። ግን ኮሊት መረቡ አጠገብ ደርሳ ቆማ ነበር። በሎረል ጎን ቀስ አድርጋ አሳለፈችው።

ስድስት ለስምንት።

በመረቡ ላይ ተጨባበጡ። የኮሊት መዳፍ ረጥቧል።

«ጮኼያለሁ ብትይ ኖሮ አምንሽ ነበር» አለች ኮሊት።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

«አልጮህኩማ!» አለች ሎረል፤ ድምጿ ከፈለገችው በላይ ወጣ።

አሰልጣኝ ፕሪቸት ከኪሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው ወረቀታቸው ላይ ጻፉ። «ቅዳሜ ስድስተኛ ኮሊት። ሎረል፣ አንቺ ሰባተኛ።» ቀጥለው «ጥሩ ተጫውተሻል» አሉና ወደ ሦስተኛው ሜዳ ሄዱ። ከዚህ የበለጠ አይናገሩም፤ ሎረልም ከዚህ የበለጠ አልጠበቀችም።

ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ፎጣውን ፊቷ ላይ ጣለች። ታንዲ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ለአንዴ እንኳ ቀልድ አላመጣችም። ከዚያ ሎረል ፎጣውን አነሳች፣ አፍንጫዋን ጠረገች፣ ተነሳችና በሩ አጠገብ ወዳለው ሰሌዳ ሄደች።

ሰሌዳው ላይ የወቅቱ ግጥሚያዎች በተርታ ተለጥፈዋል፤ ከየተጋጣሚው ጎን ደረጃው በቀይ ተጽፏል። ቅዳሜ ካርቨር ሂል፣ አሥራ ስምንተኛ። ቀጥሎ ሁለት የውጭ ጉዞ፣ ሃያ ሰባተኛውና አርባኛው። በየካቲት አጋማሽ ሃያ ሁለተኛ ደረጃ ያለው ቡድን ወደ እነሱ ይመጣል። ከሥሩ፣ የሌላዋን ቦታ የምትፈልግ ልጅ ግጥሚያ የምትጠይቅበት፣ የፈታኝ መዝገብ የሚባለው ወረቀት አለ፦ የተሸነፈች ሁለት ሳምንት ሳይሞላት ያሸነፈቻትን ልጅ ደግማ መጠየቅ አትችልም። ሎረል በጣቷ ቀኖቹን ቆጠረች። ሁለቱ ሳምንት የሚሞላው ሐሙስ ነው፤ ሃያ ሁለተኛው ቡድን የሚመጣው በማግስቱ፣ ዓርብ። እስክሪብቶ ፈልጋ ሐሙስ ላይ ስሟን ጻፈች፤ ከጎኑም የኮሊትን።

«ደረቅ!» አለ ከኋላዋ ድምፅ። ኮሊት ካፖርቷን እየለበሰች ነበር። «አሁን እኮ ነው የጨረስነው። ላቤ እንኳ አልደረቀም።»

«ይድረቅልሽ። አሥራ አራት ቀን አለሽ።»

«ብታሸንፊኝስ?»

«ሰባተኛ ትሆኛለሽ። ፎጣው የት እንደሚቀመጥ አሳይሻለሁ።»

ኮሊት ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ግን ኮስተር አለች። ከሎረል እጅ እስክሪብቶውን ወሰደችና ስማቸው አጠገብ ጎንበስ ብላ ሰዓት ጻፈች። «ስምንት ሰዓት ይሁን። ያን ዕለት ከዘጠኝ በኋላ የቤተ ሙከራ ፈተና አለኝ።»

«ስምንት ይሁን» አለች ሎረል፣ ቦርሳዋን እያነሳች።