ሲመቸኝ እቀዳሻለሁ

ሰፈሩ ሽቦ ይለዋል። ስለ ቅጥነቱ ነው የሚሉ አሉ፤ አንገቱ ላይ ዘወትር ገመድ ስለሚጠመጠም ነው የሚሉም አሉ። እውነቱ ግን የቀረበውን ሁሉ ስለሚነዝር ነው። ሰላም ሲል እንኳ እሳት ሊጭር የመጣ ነው የሚመስለው።

ሥራው ምንድን ነው ቢሉ፣ ድምፅ ያለበት ነገር ሁሉ። ጠዋት፣ ስለ ስኬት የሚያስተምር ሰውዬ ከቀዳው ንግግር ውስጥ ሳል እየለቀመ ሲያወጣ ያረፍዳል፤ ሰውዬው ዓለምን ስለ ማሸነፍ እያስተማረ ጉሮሮውን ማሸነፍ አቅቶታል። ረፋዱ ላይ አሸንፎ ለማያውቅ የኳስ ቡድን የድል መዝሙር ያቀናብራል። ከሰዓት ድምፅ ለሌለው ዘፋኝ ድምፅ ይሠራለታል፤ ዘፋኙም አመስግኖት አያውቅም፣ የራሱ እየመሰለው። ሲመሽ የአንዱ አዳራሽ ድምፅ ማጉያ ያፏጫል፣ ሽቦም ይጠራል። ቀጣሪ ስለሌለው የደወለ ሁሉ አለቃው ነው። «እኔ የራሴ ጌታ ነኝ» ይላል፣ ስልኩ በጮኸ ቁጥር እንደ ሎሌ ብድግ እያለ።

ስቱዲዮው የታላቅ እህቱ ልብስ ስፌት ቤት የኋላ ክፍል ነው። ግድግዳውን ድምፅ እንዳያስተጋባ በጨርቅ ቁርጥራጭ ያለበሰችለት እሷ ናት። ትልቁ ቁም ሳጥኗ በሩ ላይ መስታወት ገብቶለት የዘፋኝ ክፍል ሆኗል። የሰፈሩ ኮከቦች በሙሉ የወጡት ከዚያ ቁም ሳጥን ነው፣ ድሮ ከተሰቀለበት ካፖርት ቀጥሎ።

ይህች እህቱ እናታቸው ከሞቱ ጀምሮ ያሳደገችው ናት። የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ስታንጎራጉር ደንበኛ የመጣበትን ይረሳል። ሽቦ የመጀመሪያውን ማይክራፎን የገዛ ቀን «እትዬ፣ ሲመቸኝ እቀዳሻለሁ» አላት። ማይክራፎኑ አርጅቶ ተጣለ፣ ሌላ ተተካ፣ እሱም አረጀ፤ ለሽቦ ግን አልመቸውም። ላም አለኝ በሰማይ።

አሁን ደግሞ አንገቷ ላይ እብጠት ወጥቶባት ሰኞ በቀዶ ጥገና ሊያወጡላት ነው። ሐኪሙ «ድምፅሽ እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል» አላት። እሷ ወንድሟን የለመነችው ነገር የለም። «ከሰኞ በፊት ይመችህ ይሆን?» ብላ ብቻ ስፌቷን ቀጠለች።

ሌላ ሰው ቢሆን ያኔውኑ ይቀዳት ነበር። ሽቦ ግን በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ መምታት ይወዳል። ለአንድ ሶፋ ነጋዴ የማስታወቂያ ዘፈን ተቀብሎ ነበርና «በቃ፣ እሷ ትዝፈነው» አለ። ሥራውም ያልቃል፣ ቃሉም ይፈጸማል። የልጅነቱን ዕዳ በሰው ሶፋ ሊከፍል።

ቅዳሜ ነጋዴው መጥቶ ከሽቦ ጎን ቆመ። እህቱ ወለሉ እንዳይንቋቋ ጫማዋን አውልቃ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ገባችና ዘፈነች። ስትጨርስ ነጋዴው አገጩን አሸ።

«ቆንጆ ናት። ግን እኔ የምፈልገው የበፊቱን ነው።»

«የቱን የበፊት?»

«መኪናዬ ውስጥ የምሰማውን። አፍንጫው የታፈነውን ሰውዬ።»

ሽቦ ደነገጠ። በዚህ ሙያ ጋይድ የሚሉት ድምፅ አለ፤ ዘፋኙ እስኪመጣ ዜማውን ለማሳየት ባለሙያው ራሱ ያንጎራጉረውና በኋላ ይጥለዋል። ሽቦ ደግሞ ሲቸኩል ያንኑ ለነጋዴው ልኮለት ነበር።

«ጋሼ፣ እሱ እኮ እኔ ነኝ። ጉንፋን ይዞኝ።»

«እንዳትድን።»

«ለመጣል የተዘፈነ ነው እያልኩህ።»

«ባለቤቴም ለምዳዋለች፣ ልጆቹም ይዘውታል። አሁን ሶፋዬን ሳየው የሚሰማኝ የአንተ አፍንጫ ነው።»

ጆሮ እንደ እግር ነው፤ ጠባብ ጫማ ከለመደ ልኩን ሰፋኝ ይላል። ሽቦ ይህን ያውቃል፤ ሊከራከር አፉን ሲከፍት ከቁም ሳጥኑ ውስጥ ድምፅ መጣ። ቁም ሳጥን ነው እንጂ ግንብ አይደለም፣ ሁሉንም ሰምታለች።

«ጉንፋንህን ስጠውና ይሂድ» አለች እህቱ።

ነጋዴው ስቆ፣ ጉንፋኑን ተቀብሎ ሄደ። ወዲያው የሽቦ ስልክ ጮኸ፤ አንድ የሠርግ አዳራሽ ነው፣ ድምፅ ማጉያው እያፏጨ ነው። ሽቦ የበሩን ቁልፍ አነሳ፣ ገመዱን አንገቱ ላይ ጣለ።

«እትዬ፣ ነገ ሲመቸኝ...»

«እኔ ጫማዬን አውልቄያለሁ።»

«አዳራሹ ሰው ሞልቷል እኮ።»

«ይሙላ። ድምፅ ማጉያ ስላፏጨ የቀረ ጋብቻ የለም። እኔ ሰኞ ከሐኪሙ ስወጣ በማን ድምፅ እንደማወራ አላውቅም።»

ሽቦ መቅጃውን ከፈተ። እህቱ ከስፌት መኪናዋ ጋር ስትዘፍነው የኖረችውን፣ ራሷ የገጠመችውን ጀመረች፤ አንድ ስንኝ ሳትጨርስ አቆመች።

«ምነው?»

«ቁልፍ ይዘህ ቆመሃል። በመስታወቱ አይሃለሁ። ቆሞ ለሚሰማኝ አልዘፍንም።»

ሽቦ ወንበሩ ላይ የተከመረውን ገመድ ሁሉ ወለሉ ላይ ዘርግፎ ተቀመጠ። እንደገና ጀመረች። ዘፈኑ ሥር አንድ ነገር ሲጥ፣ ሲጥ ይላል። እንደገና አቆመች።

«አሁንስ?»

«ባለሙያው አንተ ነህ። ስማው።»

ሰማ። ጉልበቱ ነው፤ በችኮላ እየተነቀነቀ ወንበሩን ያስጮኸዋል። የስንቱን ሳል ሲለቅም የኖረ ጆሮ የራሱን ጉልበት አልሰማም።

ስልኩ ኪሱ ውስጥ እንደገና ነዘረ። አወጣውና ሳያየው ጥጉ ላይ ካለው የጨርቅ ክምር ሥር ቀበረው። ከዚያ ጉልበቱን በሁለት እጁ፣ እንደሚያመልጥ ዶሮ፣ ጭምድድ አድርጎ ያዘ።

እህቱ ዓይኗን ጨፍና ከመጀመሪያው ጀመረች። መሐል ላይ ድምፅዋ ከፍ ሲል፣ በልማዱ ቢሆን ሽቦ የመቅጃውን አንዱን ቁልፍ ዝቅ፣ አንዱን ከፍ ያደርግ ነበር። ሁለቱም እጆቹ ተይዘዋል። የቀረው መስማት ብቻ ነበር።