ስም ያልወጣለት ዐለት

በዚያ የካቲት ሬዲዮው ስለ አንድ አስትሮይድ ደጋግሞ ያወራ ነበር። ቺሊ ውስጥ በተተከለ ቴሌስኮፕ የተገኘ ዐለት ነው፤ ፀሐይን ዞሮ ለመመለስ አራት ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። መንገዱ በደንብ እስኪታወቅ ድረስ ስም ስለማይወጣለት በተገኘበት ዓመት፣ በፊደላትና በቁጥር ብቻ ይጠሩታል። ከስምንት ዓመት በኋላ ምድርን የመምታት ጠባብ ዕድል አለው ተባለ። ሊወድቅባቸው ከሚችሉት አገሮች መካከል ኢትዮጵያም ተጠራች።

በማግስቱ ሳጉሬ የምትኖረው ታናሽ እህቴ እኔ ወዳለሁበት ወደ አሰላ ደወለችልኝ።

«እትዬ፣ የዘር ገብሱን ዛሬ ላስፈጨው ነው።»

ገብሱ አባታችን ይዘራው የነበረ ነው። ሌላ ሰው ዘንድ አይገኝም።

«ምን ሆነሽ?»

«ለመጪው ታኅሣሥ ድንጋዩ ይወርዳል። ብዘራውስ ማን ያጭደዋል? ጎረቤት ጠርቼ ላብላው።»

«ስምንት ዓመት ይቀረዋል እኮ!»

«የአንቺ ሬዲዮ ደግሞ መቼ እውነት አውርቶ ያውቃል!» ብላ ዘጋችው። መልሼ ብደውል አታነሳም።

መናኸሪያ ሄድኩ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ሳጉሬ ስደርስ በቀጥታ ወፍጮ ቤት ገባሁ። የእህቴ ጆንያ አፉ ተፈትቶ ከወፍጮው አጠገብ ቆሟል፤ እሷም እዚያው ናት።

«አቁም!» ብዬ ጮኽኩ።

ባለወፍጮው ሞተሩን አጠፋ። «እማማ፣ ወረፋ ይዘዋል?»

«ከወረፋ ላወጣ ነው የመጣሁት።»

እህቴ ስልኳን ዘረጋችልኝ። የተላከላት መልእክት «ታኅሣሥ 2025» ይላል። «ይኸው፣ የስልኩም ቀን 2025 ነው። ምኑ ነው ስምንት ዓመት?»

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። «ይህን የጻፈው ሰው ወሩንም ዓመቱንም ወደ እኛ አቆጣጠር መልሶታል። አንቺ ወሩን በእኛ፣ ዓመቱን በፈረንጅ አነበብሽው። እኛ ገና 2017 ላይ ነን።»

ባለወፍጮው ሳቀ። «ስምንት ምርት ያስፈጩልኛላ!»

እህቴ አልሳቀችም። «ያን ጊዜስ ይመታናል?»

«አላውቅም። የሚከታተሉትም ገና አላወቁም።»

እጇን ገብሱ ውስጥ ከታ አንድ እፍኝ ዘገነችና መልሳ አፈሰሰችው። ከዚያ የጆንያውን አፍ መልሳ አሰረችና አንዱን ጫፍ ያዘች። ሌላውን እኔ ያዝኩ።

ከቀናት በኋላ ዐለቱ ምድርን እንደማይመታ ሬዲዮው ተናገረ። ደወልኩላት።

«ስም አወጡለት?» አለችኝ።

«ገና ነው።»

«ይሁን። ክረምት ሲገባ ነይ፣ አብረን እንዘራለን።»