የጋሼ ሸምሱ አሸንዳዎች

ስልኬ ቻርጅ አልቀበል ብሎኝ አሁን በምኖርባት ሁሩሙ፣ ገበያው አጠገብ ወዳለች አንዲት የስልክ ጥገና ሱቅ ጎራ ብዬ ነበር። ጠጋኙ ወጣት ስልኩን ከፍቶ የጋለውን ብረት እርሳሱ ላይ ሲያሳርፈው ቀጭን ነጭ ጭስ ተነሣ። የሚቀልጥ እርሳስ ሽታ መረር ያለ፣ ጉሮሮ የሚከረክር ነው። ልጁ ጭሱ የረበሸኝ መስሎት፣ "እህቴ፣ ትንሽ ፈቀቅ በይ" አለኝ። እኔ ግን ባለሁበት ቀረሁ። በዚያ ሽታ ውስጥ ቁጭ ብዬ ስንት ዓመት የቤት ሥራዬን ሠርቻለሁ።

ሽታው የጋሼ ሸምሱ ሽታ ነበር። ጋሼ ሸምሱ መቱ ላይ፣ በዋናው መንገድ ዳር፣ ቆርቆሮ ሠሪ ነበሩ። በወጣትነታቸው ከስልጤ አገር መጥተው እዚያው መቱ ወልደው እዚያው ሚስታቸውን ቀብረዋል። አማርኛቸው የትውልድ አገራቸው ዜማ ነበረው፤ ኦሮምኛቸው ግን የኢሉባቦር ሰው ኦሮምኛ ነው። ቤታቸው ከፊት ሱቅ፣ ከኋላ መኖሪያ ነበር። ከሱቁ ጣሪያ ላይ ኩራዝ፣ ባልዲ፣ የአትክልት ውሃ ማጠጫ፣ የከሰል ማንደጃ በሽቦ ታስሮ ይንጠለጠላል። ነፋስ ሲገባ እርስ በርሱ እየተጋጨ ይንሿሿል። ኩራዙን የሚሠሩት ከባዶ የዘይት ቆርቆሮ ስለነበር አንዳንዱ ላይ ግማሽ ፊደል፣ ግማሽ ባንዲራ ይታይ ነበር። ጥግ ላይ የቆዳ ልብስ የለበሰች ሬዲዮ ነበረቻቸው፤ መዶሻው ዝም ሲል ብቻ ድምጿ ይሰማል።

እኛ የምንኖረው ከእሳቸው አጥር ጀርባ ነበር። እናቴ ሆስፒታል ውስጥ በጽዳት ሥራ ስለምትውል፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤታችን ቁልፍ ነው። መቱ ደግሞ ዝናቡን ታውቁታላችሁ፤ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ሳይጠቁር የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። ስለዚህ እማዬ እስክትመጣ ጋሼ ሸምሱ ሱቅ ውስጥ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ እላለሁ። ብዙ አያወሩም። አንዳንዴ ደብተሬን ቀና ብለው ያዩና፣ "ጋሪ፣ ኢንታለ ኮ" ይሉኛል፤ "ጎበዝ፣ ልጄ" ማለታቸው ነው። የኦሮምኛውን ፊደል፣ ቁቤውን፣ ማንበብ አይችሉም ነበር፤ ግን በቀይ የተሰመረበትን ከሌላው ይለያሉ።

ስማቸውን ያስጠራው አሸንዳቸው ነበር። ዝናብ በሚበዛበት አገር አሸንዳ የሌለው ቤት ግድግዳው ከሥር ይቦረቦራል። መሰላል ላይ ወጥተው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ጣሪያውን ያዩና ቆርቆሮውን ይመታሉ። ከዚያ በጣሳ ውሃ ከላይኛው ጫፍ ያፈሱና ወርደው ከታች ይጠብቁታል። ውሃው አሸንዳው ውስጥ ከቆመ ነቅለው እንደገና ይሠሩታል።

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ከአንዲት ልጅ ጋር ተጣልቼ የወረወርኩት ድንጋይ የክፍላችንን መስኮት ሰበረ። አልሰበርኩም ብዬ ካድኩ። ርዕሰ መምህሩ ወላጅ ሳታመጪ እንዳትገቢ አሉኝ። እናቴ ሥራ ጥላ ብትመጣ ከደመወዟ ይቆረጥባት ነበርና ለጋሼ ሸምሱ ነገርኳቸው። እጃቸውን በሳሙና ፈትገው፣ የጁምዓ ጀለቢያቸውን ለብሰው ተከተሉኝ።

"ምኗ ነዎት?" አሏቸው ርዕሰ መምህሩ።

"ጎረቤቷ ነኝ" አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። "ሌንሴ፣ ሰብረሻል?"

"አልሰበርኩም።"

"ዹጋ?" እውነት ነው ወይ ማለታቸው ነው።

"ዹጋ" አልኩ።

"አልሰበርኩም ካለች አልሰበረችም" አሉ ለርዕሰ መምህሩ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። በማግስቱ መስታወት በጋዜጣ ጠቅልለው መጡና መስኮቱን ገጠሙት። ልጆቹን ብርድ ይመታቸዋል አሉ እንጂ ሌላ ነገር አልተናገሩም። ከዚያ ወዲህም ነገሩን አንሥተውብኝ አያውቁም። አምነውኝ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።

አደግኩ፤ ቅየሳ ተማርኩና መቱ ተመልሼ ማዘጋጃ ቤት ሥራ ያዝኩ። ተቀጥሬ ብዙም ሳልቆይ ዋናው መንገድ ሊሰፋ፣ ዳርና ዳሩ ሊዋብ ነው ተባለ። በእኛ ሰፈር በኩል መንገዱን ተከትለው የተደረደሩ አሥራ ሁለት ቤቶች ይነሣሉ። የኛ ከኋላ ስለነበር ተረፈ። ከአሥራ ሁለቱ አንዱ የጋሼ ሸምሱ፣ ቀጣዩ ደግሞ የዳቦ ጋጋሪዋ የእትዬ አስካለ ነበር። ቤቶቹን የለካሁት እኔ ነኝ፤ በሮቹ ላይ ቀይ ቀለም የቀባሁትም እኔ ነኝ። የእትዬ አስካለን በር ስቀባ ትኩስ ዳቦ በጋዜጣ አድርገው ሰጡኝ። ተቀብዬ በላሁ።

ምትክ ቦታው በቡሬ መንገድ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። በበጋ ከመንገድ ላይ ሲያዩት ለምለም መስክ ነው፤ ሄደው ያዩት ነዋሪዎችም አልከፋቸውም። እኔ ግን ችካል ልተክል መሀሉ ገብቼ ነበር። ሣሩ ሥር ውሃ ነው። እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ሰመጠ፤ ችካሎቹ እንደ ላላ ጥርስ ይነቃነቁ ነበር። ተመልሼ ለአለቃዬ ነገርኩት።

"ይደለደላል" አለኝ ከወረቀቱ ላይ ቀና ሳይል። "ክረምት ሳይገባ ይደለደላል። ይልቅ ሰዎቹ የሚያዩት ቆርቆሮ ሠሪውን ነው። እሱ ከፈረመ ሁሉም ይፈርማል። አንቺ ደግሞ ልጁ ነሽ አሉ። ዛሬውኑ ሄደሽ አናግሪው።"

ማን እንደሚደለድለው፣ በምን እንደሚደለድለው አልጠየቅኩም። በኮንትራት ነበር የምሠራው፤ ቋሚ የሚያደርገኝ ደብዳቤ እሱ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ይህን የምለው ለማመካኘት አይደለም። የሆነው ይኸው ስለሆነ ነው።

ከመስኩ የመጣሁበት እግሬ ሳይደርቅ ጋሼ ሸምሱ ሱቅ ገባሁ። ለባልዲ እጀታ ሽቦ እያጎበጡ ነበር። ወንበር ሰጡኝ። የሚፈርሙትን ቅጽ ጭኔ ላይ ዘርግቼ አዲሱ ቦታ ሰፊ እንደሆነ፣ ክረምት ሳይገባ ውሃም መንገድም እንደሚገባ አወራሁላቸው። ቀልጠፍ ቀልጠፍ እያልኩ ነበር የማወራው። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

"መሬቱ እንዴት ነው?" አሉኝ።

"ደረቅ ነው፣ ጋሼ።"

"ዹጋ?"

"ዹጋ።"

ሽቦውን አስቀመጡ። ለአንድ አፍታ ወደ መሬት አቀርቅረው ቆዩ። ከዚያ እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ፈረሙ። በዚያው ሳምንት የቀሩት አሥራ አንዱም ፈረሙ። ደብዳቤዬ ወር ሳይሞላው ደረሰኝ።

ግሬደር እስኪመጣ አልጠበቁም። የቤታቸውን ጣሪያ ራሳቸው አወረዱት፤ እያንዳንዱን ሚስማር ነቅለው፣ በመዶሻ አቃንተው ጣሳ ውስጥ ይጨምሩት ነበር። እኔ ከመንገዱ ማዶ ሜትር ይዤ ቆሜያለሁ። አንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝና ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ሰላም አሉኝ።

ክረምቱ ገባ። አልተደለደለም። ቢሯችን ውስጥ ቦታው በቁጥር ነበር የሚጠራው፤ ሰዉ ግን ጨፌው ይለው ጀመር፤ ውሃ ያዘለ መስክ ማለት ነው። የቧንቧ ውሃ አልደረሰም። ሴቶቹ ከሥራቸው ውሃ እየፈለቀ፣ የሚጠጣ ውሃ ፍለጋ ጭቃውን አቋርጠው እስከ ምንጭ ይወርዱ ነበር። የእትዬ አስካለ አዲስ የዳቦ ምድጃ መሬቱ ከሥሩ እየሰመጠ ሁለት ጊዜ ተሰነጠቀ፤ በሦስተኛው ተውት። ይህን ሁሉ የሰማሁት ከሰው ነው። ሁለት ወር ሙሉ አልሄድኩም። በዚያ በኩል ሥራ ሲኖር ለባልደረባዬ እሰጠው ነበር።

የሄድኩት ጋሼ ሸምሱ በሳል ተይዘዋል ሲሉኝ ነው። ተኝተው አገኛቸዋለሁ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን በላስቲክ ዳስ ሥር፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ቆርቆሮ ይቆርጣሉ። ከፈረሰው ሱቃቸው ያወረዱት የጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ሽንሽኑን በመዶሻ እየደፈጠጡ፣ ልሙጥ አድርገው፣ አሸንዳ ይሠሩበታል። ቀና ብዬ ሳይ አምስት ቤት ላይ ተሰቅሏል። ከየአሸንዳው ሥር በርሜልና ጀሪካን ተደርድሯል። የእሳቸው መኖሪያ ግማሹ ላስቲክ ነበር።

"ጋሼ፣ ይህ እኮ የራስዎ ጣሪያ ነው" አልኳቸው።

"ውሃው ከሰማይ እየመጣ ሴቶቹ ቁልቁል ይሄዳሉ" አሉኝ። ብዙ ሳሉ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቅኩ።

"ያን ቀን ስመጣ ቦታውን አይቼው ነበር" አልኳቸው። "ውሃ እንዳለው አውቅ ነበር።"

መቀሱ አልቆመም። "አውቃለሁ" አሉ።

"እንዴት?"

"ጫማሽ። ከተማው በሙሉ አቧራ ነው፤ አንቺ እስከ ቁርጭምጭሚትሽ ጥቁር ጭቃ ይዘሽ ገባሽ። የት እንደዋልሽ ገባኝ።"

"ታዲያ ለምን ፈረሙ?"

መቀሱን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። "እምቢ ብል ቤቱ መፍረሱ ይቀራል? አይቀርም። አንቺ ደግሞ ገና ሥራ መያዝሽ ነው። ይደለድሉታል ብዬም አሰብኩ። የኔ ቤት አያሳዝነኝም። አስካለ መጥታ፣ 'ሸምሱ፣ ቦታው እንዴት ነው?' አለችኝ። 'ደህና ነው' አልኳት። እኔን አምና ነው የፈረመችው። ሌሎቹም እንደዚያው። ያልኳቸው እኔ ነኝ፣ አንቺ አይደለሽም።"

ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት፣ "አውፍ ብያለሁ" አሉኝ ቀድመው፤ ይቅር ብያለሁ ማለታቸው ነው። "ያንን ጫፍ ያዢልኝ።" ያዝኩላቸው። እስኪመሽ ድረስ እሳቸው ሲመቱ እኔ ያዝኩ። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አልተነጋገርንም።

ክረምቱ ሳይወጣ የአሥራ አንዱንም ቤት ጨረሱ። ከዚያ ልጃቸው መጥታ ወደ ጅማ ወሰደቻቸው። በሚቀጥለው ዓመት እዚያው እንደሞቱ ሰማሁ። እኔ ዝውውር ጠይቄ ሁሩሙ ገባሁ። ለሰው የእናቴ ወገን ስላለ ነው እላለሁ።

ከስልክ ጠጋኙ ሱቅ ወጥቼ ቤቴ አልገባሁም። የመቱን ሚኒባስ ተሳፈርኩ፤ ከመቱ ደግሞ በባጃጅ ጨፌው ወረድኩ። ሰፈሩ ተለውጧል። ከላይ በኩል ድንጋይ ተነጥፏል፣ ቧንቧም ገብቷል፤ ግን ውሃው በሳምንት አንድና ሁለት ቀን ብቻ ነው የሚመጣው። እትዬ አስካለ በራቸው ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ዘርግተው ይሸጣሉ። አርጅተዋል። ሲያዩኝ ተነሥተው ሳሙኝ። "የሸምሱ ልጅ" እያሉ ለጎረቤት አስተዋወቁኝ። ፊቴ ጋለ።

ዝናብ ሲጀምር ሸቀጡን አብረን ሰበሰብንና ገባን። ጣሪያው ላይ ሲወርድ ለመነጋገር አይመችም። የአሸንዳውን ውሃ ባልዲ ውስጥ ሲንዶለዶል ሰማን። እስኪያባራ ጠበቅኩ።

"እትዬ አስካለ፣" አልኩ፣ "ጋሼ ሸምሱን ሳስፈርማቸው ቦታው ረግረግ መሆኑን አውቅ ነበር። ደረቅ ነው ብዬ ዋሽቻቸው ነው።"

እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጠፉ። ዓይናቸው በበሩ በኩል ምድጃቸው ወደነበረበት ጥግ ሄደ። አሁን እዚያ የዶሮ ቤት ነው።

"እሱስ?" አሉኝ በመጨረሻ። "ሸምሱ ያውቅ ነበር?"

ጥያቄው እንደሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ አስቤበት ነበር። እውነቱን ሁሉ ልናገር ቆርጬ ነበር የሄድኩት። አሁን ግን እየጠበቁ ነበር፤ ሽበታቸው ከሻሻቸው ሥር ወጥቶ፣ ከንፈራቸው ትንሽ ከፈት ብሎ።

"አያውቁም ነበር" አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኔም እንደሱ ብዬ ነበር። እሱ ቢያውቅ ደህና ነው አይለኝም።" ቀስ ብለው ተነሡና የሞላውን ባልዲ ስበው ባዶ ተኩበት። ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም፤ አልተቆጡኝምም። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ "ሚኒባሱ ሳያመልጥሽ ሂጂ" አሉ።

ዳገቱን ወጥቼ ከመንገዱ ላይ ዞር ብዬ አየሁ። ቆርቆሮው ዝጓል፤ አንዳንዱ ቤት ግድግዳውን በብሎኬት ቀይሯል፤ አሸንዳውን ግን ማንም አልነቀለውም። ዝናቡ ካባራ ቆይቷል፤ ከአሥራ አንዱም ጣሪያ ግን ውሃው አሸንዳው ውስጥ ሳይቆም አሁንም ይወርድ ነበር።