በእፍኝ የሚጠጣ ውሃ

ደብሬ ንጹሕ ሰው ነበረች፤ በራሷ አባባል። ከወረታ ወደ ይፋግ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከሩዝ ማሳው መሀል ባለው ቤቷ ጣሳው ሳይቀር በአመድ ታሽቶ ያበራል። ሸክላ ሠሪዋ አምሳል ድስት ተሸክማ ስትመጣ ግን አጥሩን አታልፍም። "ከዚያው አስቀምጭው" ትባላለች። ደብሬ ብሩን መሬት ላይ ጣል ታደርግላታለች፤ እጅ ለእጅ መነካካት የለም። አምሳል ጠምቷት ውሃ ከለመነች ደግሞ "እፍኝሽን ዘርጊ" ትላትና ከላይ ታንቆረቁርላታለች፤ ጣሳዋ እንዳይረክስ። ውሃው የሚቀዳው ከየትኛው እንስራ ነው? አምሳል ራሷ ጭቃውን ረግጣ፣ አድቦልቡላ፣ ተኩሳ ከሠራችው! ለመጸየፍም እኮ ልክ አለው። ሴትዮዋ በእጇ ዳብሳ ካበጀችው ድስት ወጥ እያወጡ ይበላሉ፣ እጇን ግን ይጠየፋሉ። ይህ ነገር በሰፈሩ አንድም ሰው ከንክኖት አያውቅም። ቡዳ ናት፤ አለቀ።

በጥቅምት፣ የሩዝ አጨዳው እንደተጀመረ፣ የደብሬ አንዲት ልጅ ታይቱ ታመመች። ሰውነቷ ይፋጃል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ትቃዣለች። የደብሬ ባል እንግዳው "ወረታ ሐኪም ቤት እናድርሳት" ቢል፣ ቡዳ የበላውን ሰው ያስለፈልፋል የሚባለው ጎረቤታቸው አያልነህ ከለከለ።

"መርፌ የነካት እንደሆን ትሞታለች!" አለ። "ይህ የሐኪም ነገር አይደለም።"

አሮጌ የጎማ ጫማ አጭሶ ልጅቱን በነጠላ ሸፈነና "ማን ነው የበላሽ? ተናገሪ!" እያለ ይጮህባት ጀመር። ልጅቱ እያሳላት ትውከቷን ለቀቀችው። ሰዉ ደግሞ ሠርግ የተጠራ ይመስል በሩ ላይ ተጋፍቶ ያያል።

"አምሳል" አለች ታይቱ በሰመመን። "እትዬ አምሳል..."

ቤቱ ተንጫጫ። ጎረምሶች ሮጡና አምሳልን ከነጭቃ እጇ እየጎተቱ አመጧት።

"እንትፍ በይባት!" አሏት። የበላው ሰው ሲተፋበት በሽተኛው ይለቀቃል ይባላል አይደል። አያችሁልኝ? የነካችውን ጣሳ የሚጸየፉ ሰዎች ምራቋን ሲለምኑ! ያቺ ንጹሕ ደብሬም እግሯ ላይ ወደቀች።

"ስለ ማርያም፣ እንትፍ በይባትና ልቀቂልኝ!"

አምሳል አልተፋችም። ሰዉን ገፍታ አለፈችና ከልጅቱ ራስጌ ተቀመጠች። ታይቱ ዐይኗን ገለጥ አደረገች፤ ያንን ጭቃ ያለበት እጅ ያዘችና ጉንጯ ሥር ከተተችው።

"እትዬ፣ በሬዬ ደረቀ?" አለች።

"የምን በሬ?" አለች ደብሬ።

"የጭቃ በሬ" አለች አምሳል። "ጥጃ እጠብቃለሁ እያለች ክረምቱን እኔ ቤት ነው የከረመች። ከልጆቼ ጋር ባንድ ሳህን ስትበላ ነበር። ልበላት ከሆነ እስከ ጥቅምት ምን አስቆየኝ? እኔ መድኃኒት አላውቅም፤ ልጅሽ ግን እየነደደች ነው። ተነሽ!"

ደብሬን መጀመሪያ የያዛት፣ ለመናገርም ያስጠላል፣ ማቅለሽለሽ ነበር። ልጇ ከቡዳ ሳህን በላች! ቀጥሎ ግን የጎማውን ጭስ አሸተተች፤ ትውከቱን፣ አፉን ከፍቶ የሚያየውን ሰው፣ ጫማ አንጠልጥሎ የቆመውን አያልነህን ተራ በተራ አየች። ያን ጊዜ የሚያስጸይፈው ሌላ ሆነባት።

"ውጡ!" ብላ ጮኸች። "ከቤቴ ውጡልኝ!"

እንግዳው ባጃጅ ጠራ። ታይቱ የአምሳልን እጅ አልለቅም ስላለች አምሳልም አብራ ተሳፈረች። ደብሬ እስከ ወረታ ድረስ ከሸክላ ሠሪዋ ጋር ጉልበት ለጉልበት ተነካክታ ሄደች። አልሞተችም፤ ምንም አልሆነችም።

በሽታው ወባ ነበር። "ትንሽ ዘግይታችሁ ቢሆን..." አለ ሐኪሙ፤ አልጨረሰውም። ታይቱ ዳነች። አያልነህ እስከ ዛሬ "አምሳል ስትነካት ነው የለቀቃት" እያለ ያወራል። ምን ይደረግ፤ ድንቁርና ምላስ እንጂ ጆሮ የለውም።

ልጅቱ ስታገግም ደብሬ ይዛት ወደ አምሳል ቤት ሄደች። የአምሳልን አጥር አልፋ አታውቅም። ታይቱ ቀድማ ሮጣ ገባችና ከልጆቹ ጋር በአንድ ጣሳ ውሃ ትሻማ ጀመር። ደብሬ በሩ ላይ ቀረች። ይቅርታ ልትጠይቅ መንገዱን ሁሉ ቃል ስትመርጥ መጥታ፣ አሁን አንዱም አልመጣላት አለ።

"ውሃ ጠማኝ" አለች።

አምሳል አየት አደረገቻት። ከዚያ ማሰሮውን አንስታ ወጣች። ጣሳ አልያዘችም።

"እፍኝሽን ዘርጊ" አለቻት።

የደብሬ ፊት ነደደ። ታይቱ ጣሳዋን እንደያዘች ከውስጥ እናቷን ታያለች። ተቆጥቶ መመለስም ነበረ፤ ከሰፈሯ ሰው አብዛኛው ይመለስ ነበር። ደብሬ ግን ጎንበስ ብላ እጆቿን ገጠመች። ውሃው በክርኗ እየወረደ ቀሚሷን አራሰው፤ ጠጣችው። ካለቀም በኋላ ቀና አላለችም።

"ጨምሪልኝ" አለች።