ጣሪያ ሁሉ ያፈሰሰበት ሐምሌ

የማርያም ጽዋ አሁን እኔ ቤት ናት። ሰኔ ሃያ አንድ ተቀበልኳት፤ በነጭ ጨርቅ ሸፍኜ ከሥዕሏ ሥር አስቀመጥኳት። ጥቁር የሸክላ ጽዋ ናት፤ ከንፈሯ ትንሽ ተሸርፏል። ማኅበርተኞቹ አዲስ እናሠራ ተባብለን ነበር፤ ማንም አልጨከነም። እኔ ግን እሷን ባየሁ ቁጥር ቀኝ እግሬ ቀዝቃዛ ጭቃ የነካ ይመስለኛል፤ መቀመጥ ያቅተኛል። እነሳለሁ፣ እስከ በር እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ።

ልጅ እያለሁ ክረምት ሲገባ መተማ ከሌላው አገር ትቆረጥ ነበር። መሬቱ ዋልካ ነው። በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ አለው፤ ሁለት ዝናብ ሲጠግብ ደግሞ የያዘውን የማይለቅ ጥቁር ሊጥ ይሆናል። የጭነት መኪኖች ባሉበት ይቆማሉ። ከእርሻ ወደ ከተማ የሚመላለሰው ትራክተር ብቻ ነበር። ስለዚህ እኛ ልጆች ትራክተር በድምፁ እናውቅ ነበር። ደጃፍ ላይ ተኮልኩለን የተቆላ ማሽላ እየቆረጠምን፣ ገና ከሩቅ ሲሰማ የማን እንደሆነ እንወራረዳለን። የሚያስለው አለ፣ የሚያፏጨው አለ፣ ዳገት ሲደርስ የሚያለቅሰው አለ። የተሸነፈ ላሸነፈው ውኃ ይቀዳል። የእርጥብ አፈርና የናፍጣ ሽታ ሲቀላቀል ዛሬም ያ ጨዋታ ትዝ ይለኛል።

ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ ክረምት ጨዋታው አስጠላኝ። አባቴ ግንቦት መጨረሻ ላይ ለዘር ከጓንግ ወንዝ ማዶ ወዳለ የሰሊጥ እርሻ ሄዶ ነበር። «ሁለት ሳምንት» ነበር ያለው። ጓንግ ሞላ። ሁለቱ ሳምንት ወር ሆነ፤ ወሩም አለፈ። ከማዶ የሚመጣው ወሬ ሁሉ ክፉ ነበር፤ ወባ ገብቷል፣ ወንዙ ሰው ወስዷል ይባላል። የማን ስም እንደሆነ ግን የሚናገር አልነበረም።

እናቴ የጎጃም ደጋ ሰው ናት። ቆላ ከወረድን ሁለተኛ ክረምታችን ነበር። ዘመድ የላትም። ያላት ያን ዓመት የገባችበት የማርያም ማኅበር ብቻ ነው። የሰፈሩ ልጆች አነጋገሯን እየቀዱ ሲስቁባት አብራቸው የምትስቅ ሴት ነበረች። በዚያ ክረምት ሳቋ ጠፋ። ትራክተር በሰማች ቁጥር ትነሳለች፤ ደጃፍ ላይ ትቆማለች፤ የሌላ ሰው ሆኖ ሲያልፍ ተመልሳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትተኛለች። በቀን አምስት ጊዜ፣ ስድስት ጊዜ። እሳት የምታነደው ለእኔ ስትል ነው፤ እሷ አትቀምስም። ስትነሳ እነሳለሁ፤ ስትተኛ የት እንደምሆን ይጠፋኛል። ከቤት ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ ቤት እል ነበር።

ጽዋዋም እኛ ቤት ነበረች። እናቴ የተቀበለቻት አባቴ ይመጣል ብላ ነው። ጽዋ የተቀበለች ሴት በወሩ ትደግሳለች፤ ማኅበርተኛው ባዶ እጁን መጥቶ ይበላል፣ ይጠጣል። ለደጋሽ ቤት እህል ይዞ መሄድ «የለሽም» ማለት ነው፤ ሴቶቹ እንደ ስድብ ያዩታል። ጽዋ መመለስ ደግሞ ከዚያም ይከፋል። የመለሰች ሴት እንግዲህ በምን ዓይኗ ወደ ማኅበሩ ትሄዳለች?

ሐምሌ በገባ በሳምንቱ እናቴ ጽዋዋን በትንሽ ቅርጫት አድርጋ ሰጠችኝ።

«ለእትዬ ትርንጎ መልሺ» አለችኝ። እትዬ ትርንጎ የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለት መሪዋ ናቸው። «‘እናቴ አልቻልኩም ብላለች’ በያቸው። መሬት እንዳታስነኪያት።»

ሌላ ቃል አልጨመረችም። ወጣሁ።

ከገበያው አጠገብ ስደርስ ዋልካው ቀኝ እግሬን ያዘው። ብስበው አልወጣ አለ። ጎንበስ ብዬ በእጄ እንዳላወጣው እጄ ቅርጫት ይዟል። ቅርጫቱን እንዳላስቀምጥ መሬት አይነካም። ስለዚህ ቆምኩ። ካፊያ እየመታኝ፣ አንድ እግሬ እስከ ጉልበቴ ሰምጦ፣ ቅርጫቱን ደረቴ ላይ አቅፌ ቆምኩ።

ፊት ለፊት የሐጃ ዘይነባ ሱቅ አለ። ሐጃ ዘይነባ እንደ ሱዳን ሴቶች ቶብ የሚለብሱ፣ ለእርሻ የሚሆነውን ሁሉ የሚሸጡ አሮጊት ነበሩ። ባለትራክተሮች ወደ እርሻ ከመውጣታቸው በፊት እሳቸው ዘንድ ይቆማሉ።

«ያ ቢንት» አሉኝ ከበረንዳቸው እየሳቁ፤ ሴት ልጅን ሁሉ በዐረብኛ እንዲህ ነው የሚጠሩት። «እዚያ ተተክለሽ ልትበቅዪ ነው?»

«እግሬን ያዘኝ።»

«በእጅሽ ሳቢው እንጂ።»

«እጄ ተይዟል።»

«ያንን አስቀምጪዋ።»

«የማርያም ናት፤ መሬት አትነካም።»

መሳቃቸውን ተዉ። ቶባቸውን ሰብስበው ወደ ጭቃው ገቡ። አጠገቤ ደርሰው እጃቸውን ወደ ቅርጫቱ ዘረጉና መለሱት።

«እኔ ልይዛት ይሆናል?» አሉ።

አላወቅሁም። ይህንን ያስተማረኝ ሰው የለም።

«እንግዲያውስ አንቺ እሷን ያዢ፣ እኔ አንቺን» አሉና ከነቅርጫቴ አቅፈው ነቀሉኝ። እግሬ ወጣ፤ ጫማዬ ቀረ። ጥቅምት ላይ መሬቱ ሲደርቅ ነው የተገኘው።

በረንዳው ላይ ሁለት የትራክተር ነጂዎች ዝናቡ እስኪያባራ ተቀምጠው ነበር። ሐጃ ዘይነባ እግሬን እያጠቡ ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ። እናቴ ያዘዘችኝን ነገርኳቸው። ያላዘዘችኝንም ነገርኳቸው። ስለ ግድግዳው፣ ስለ እሳቱ፣ እንደማትበላ፣ አባቴ ማዶ እንደቀረ። ሁሉንም እዚያ ሰው ፊት ዘረገፍኩት።

ሴትዮዋ እግሬን በቶባቸው ጫፍ አደረቁ። ከዚያ የአባቴን ስምና የእርሻውን ቦታ ጠየቁኝና ወደ ነጂዎቹ ዞሩ። «ስሙን ያዙ። በየካምፑ ጠይቁ፤ ለሌሎቹም ንገሩ።» ከዚያ ወደ እኔ፦

«ይህችን ወደ ቤት መልሺ። ለእናትሽ ‘ጭቃው አላሳልፍ አለኝ’ በያት።»

«ውሸት ነው» አልኩ።

«አሳለፈሽ?»

«አላሳለፈኝም።»

«ታዲያ ውሸቱ የቱ ላይ ነው? ሂጂ።»

ዞር ብዬ ሳይ ቶባቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ወደ እትዬ ትርንጎ ቤት አቅጣጫ ጭቃውን እየሰነጠቁ ይሄዱ ነበር። ለእናቴ እንደተባልኩት ተናገርኩ። ባዶ እግሬን አየች። ጽዋዋን ተቀብላ ቦታዋ መለሰችና ተኛች። ይህንን ነገር እስከ ዛሬ ለንስሐ አባቴ አልነገርኩም።

በማግሥቱ ጠዋት እትዬ ትርንጎ መጡ። ጽዋ የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ራሳቸው ላይ አንድ ጆንያ ጌሾ ነበር።

«ሙሉ፣ ተነሽ እስቲ። ሙቀጫዬ ተሰንጥቆብኝ ጌሾዬን የምወቅጥበት አጣሁ። ያንቺን ልዋስ።»

እናቴ ተነሳች። እንግዳ ቆሞ እሷ አትተኛም። ሽማግሌ ሴት ሲወቅጡም ቆማ አታይም፤ ዘነዘናውን ተቀብላ ወቀጠች። እትዬ ትርንጎ ሲሄዱ ጌሾውን አልወሰዱም፤ «ዝናቡ ያበሰብስብኛል፤ እዚሁ ይደር» አሉ።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን አለሚቱ ብቅል በሰፌድ ይዛ መጣች። «ጣሪያዬ ያፈሳል። ይህ ብቅል ሊሻግትብኝ ነው፤ ምድጃሽ ጎን ላስጣው።» በሦስተኛው ቀን ሌላዋ ማኅበርተኛ የማሽላ ዱቄት ይዛ መጣች፤ የሷም ጣሪያ ያፈሳል። ከዚያ ደግሞ ጋኗ ነቅቶባት የእኛን ጋን ለመዋስ የመጣች ነበረች፤ የምትጠምቀውንም ይዛ ነው የመጣችው። የተዋሰችውን ግን ይዛ አልሄደችም።

እናቴ ፋታ አጣች። «የሰው ንብረት ነው፤ ቢሻግት ምን እላለሁ?» እያለች ቀኑን ሙሉ እሳት ታነዳለች፣ ብቅሉን ታገላብጣለች፣ ዱቄቱ አጠገብ የሚንጠባጠብ ውኃ እንዳይኖር ጣሪያውን ቀና ብላ ታያለች። ትራክተር ሲሰማ አሁንም ትወጣለች፤ ግን ስትመለስ ወደ ግድግዳው ሳይሆን ወደ ብቅሉ ነው። ቤቱ ጌሾ ጌሾ ሸተተ። እሷም እጇ እየሠራ ሳታውቀው ስትቀምስ፣ ስትጎርስ አየኋት።

በሳምንቱ እትዬ ትርንጎ የጌሾውን ጥንስስ ሊያዩ መጡ። እናቴ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«እትዬ ትርንጎ፣ የሁላችሁም ቤት ባንድ ጊዜ ነው የፈረሰው?»

«ክረምት ነው ልጄ። የማይፈርስ አለ?»

እናቴ ሳቀች። ትንሽ ናት ሳቋ፤ በአፍንጫዋ የወጣች። እኔ ግን ሰማሁ። ወደ ደጅ ሮጥኩ፤ ለምን እንደሮጥኩ አላውቅም።

ሐምሌ ሃያ አንድ ሴቶቹ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው መጡ። እስከ ጉልበታቸው ጥቁር ነበሩ። እናቴ ደጃፍ ላይ በማሰሮ ውኃ እያፈሰሰች አንድ በአንድ እግራቸውን አጠበቻቸው። ቄሱም ሱሪያቸውን ጠቅልለው መጡ። ሁሉም ባዶ እጃቸውን ነው የመጡት፤ እንደ ደንቡ። ጠላው የእናቴ ነው፣ ዳቦው የእናቴ ነው። አንዲትም «ብቅሌን» ያለች የለም። ሐጃ ዘይነባ ደጃፉ ላይ ዱካ ተሰጥቷቸው ከልጆች ጋር ተቀመጡ፤ «እኔ ዘበኛ ነኝ» እያሉ።

ጸሎቱ ደርሶ ጽዋዋ ስትዞር ከሩቅ ትራክተር ተሰማ።

እናቴ ብድግ አለች። ያን ጊዜ ያየሁትን አልረሳውም። ሴቶቹም ብድግ አሉ። ሁሉም። ጽዋዋን የያዘችው ሳትጠጣ ቀረች፤ ቄሱ ጆሯቸውን ወደ በሩ አዘነበሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ ያንን ድምፅ በዚያ ጆሮ የምታዳምጠው እናቴ ብቻ ነበረች። ድምፁ ቀረበ፣ ቀረበ።

«የማነው?» አሉ እትዬ ትርንጎ ወደ ውጭ።

«የሚያስለው ነው» አልን ልጆቹ።

«ከወንዙ ወዲህ ነው የሚሠራው» አሉ ሐጃ ዘይነባ። «እሱ አይደለም። ሌላ ይመጣል።»

ድምፁ አለፈ። እናቴ ተቀመጠች። ሴቶቹም አብረዋት ተቀመጡ። ማንም «አይዞሽ» አላላትም። ጽዋዋ መዞሯን ቀጠለች።

ወሬው የመጣው በፍልሰታ ነው። ከበረንዳው ነጂዎች አንዱ ከወንዙ ማዶ ካለ ነጂ ጋር በጩኸት ተነጋግሮ ኖሯል። አባቴ ወባ ጥሎት ነበር፤ ተርፏል። «ቀይዋ ላም ወለደች ወይ ብሏል» አለ ሰውየው። እናቴ ያንን ስትሰማ ነው ያመነችው፤ ስለ ቀይዋ ላማችን ማዶ ሌላ ማን ያውቃል? መስከረም ላይ ጓንግ ሲጎድል ራሱ መጣ፤ ከስቶ፣ ቢጫ ሆኖ። እናቴ «ተመስገን» አለችና ውኃ ሰጠችው።

ካደግሁ በኋላ አንድ ቀን ጠየቅኳት፤ የሴቶቹን ዘዴ መቼ ነው ያወቅሽው ብዬ።

«ከመጀመሪያዋ ቀን» አለች። «የትርንጎ ሙቀጫ ከትራክተር ብረት የተሠራ ነበር። ብረት የሚሰነጥቅ ክረምት አይቼ አላውቅም።»

እሷም፣ እነዚያም ሴቶች አሁን የሉም። ነፍሳቸውን ይማር። ዛሬ በመሀል ከተማ አስፋልት አለ፤ ባጃጅ አለ፤ ሰው ትራክተር አያዳምጥም፤ ስልኩን ነው የሚያየው። መንገድም ኔትወርክም ሲዘጋ ግን ሁሉም ስልኩን እንደያዘ በየቤቱ ይቀመጣል። ዝም ያለ ስልክ ከሩቅ አይሰማም፤ ጎረቤትሽ ምን እየጠበቀች እንደሆነ አታውቂም።

ከደጄ ፊት ለፊት ትዕግሥት የምትባል ነርስ ተከራይታለች። የወሎ ልጅ ናት። ከቤተሰቧ ወሬ ካጣች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው፤ ይህንንም ያወቅሁት ከአከራይዋ ነው። ወደ ሥራ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ በሯን ትዘጋለች። መብራቷ አይበራም። ሁለት ጊዜ ጠየቅኳት። «ደኅና ነኝ፣ እትዬ» አለችኝ ሁለቱንም ጊዜ።

ትናንት ከበር ወደ ጽዋዋ፣ ከጽዋዋ ወደ በር ስል ዋልኩ። ምን እዋሳታለሁ? ያላት አንድ ባልዲና አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። ሲመሽ ለሃያ አንድ ያዘጋጀሁትን ብቅል በሰፌድ አደረግሁ። ጫማዬን አውልቄ በእጄ ያዝኩ፤ ጭቃው ያው የድሮው ጭቃ ነው። ተሻግሬ አንኳኳሁ። ቆይታ ከፈተች። ዓይኗ አብጧል።

«ልጄ፣ ጣሪያዬ ያፈሳል» አልኳት። «ይህ ብቅል ሊሻግትብኝ ነው።»

በትከሻዬ አሳልፋ ቤቴን አየች። ቆርቆሮው ዘንድሮ የተመታ ነው፤ በዝናቡ ውስጥ ያበራል። እሱን አየች፣ ጭቃ የለበሰ እግሬን አየች።

«ይግቡ፣ እትዬ» አለችኝ።