አያ ሞላ የቀበሩት ዓሣ

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ዓሣ ሲሸተኝ እግሬ ይያዛል። ጣና ዳር ባለችው ከተማችን አያ ሞላ ዓሣ አጥማጆቹን አደራጅተው፣ የበረዶ ማከማቻ አስገብተው ብዙ ቤት ያቆሙ ሰው ነበሩ። ልጅ ሳለሁ አንድ ዓመት ዓሣ በሚፈለግበት በዓቢይ ጾም መንገድ ተዘጋ፤ እህልም አዲስ በረዶም ሳይገባ ቀረና የማከማቻው በረዶ ቀለጠ። አያ ሞላ የዓሣውን ጉንጭ ገልጠው አሸተቱ፤ ተበላሽቶ ነበርና ጉድጓድ አስቆፍረው አስቀበሩት።

«ምነው አያ ሞላ፣ ልጆቹ ምን ይብሉ?» አለች እናቴ።

«እኔም አላውቅም እቴ። ብቻ ይሄን አይብሉ።»

በማግስቱ ጉድጓዱ ተከፍቶ፣ ዓሣው ተወስዶ ተገኘ። አያ ሞላ ቤት ለቤት እየዞሩ ጠየቁ፤ ሁሉም ካደ። እኛ ቤት ሲደርሱ እናቴ ድስቱን ከልላ ቆመች። አያ ሞላ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አልቆጣም። ልጅ ከታመመ በታንኳም ቢሆን ሐኪም ቤት አደርሳለሁ።»

ወንድሜ ጓዳ ውስጥ ሆዱን ይዞ ተኝቶ ነበር። እናቴ ያን ጊዜም «እኛ አልበላንም» ማለቷን አሁን ዓሣው ፊት ቆሜ አስበዋለሁ።