ስሙ የተጠራ መድኃኒት

ዩኒቨርሲቲ ምን እንደምሠራ ሰው ሲጠይቀኝ አንገቴን ደፍቼ «ኬሚስትሪ» እልና አልፍ ነበር። ዓይን አፋርነት ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ደብረ ታቦር ላይ ግን ዝምታ ያስጠረጥራል። መድኃኒት አዋቂ የሚያውቀውን አይናገርም፤ ስሙና አሠራሩ በሰው ፊት ከተነገረ መድኃኒቱ ይከሽፋል ይባላል።

አክስቴ ጡታቸው ላይ እብጠት ሲያገኙ ሐኪሙ ናሙና እንዲወሰድላቸው ወደ ባሕር ዳር መራቸው። የቀጠሮው ቀን ሲቃረብ ግን፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የካንሰር መድኃኒት እንደምሞክር ከሰው ሰምተው ኖሮ፣ ንቅንቅ አልል አሉ።

«ያንች መድኃኒት እያለ ምን ልሠራ እሄዳለሁ?»

«እትየ፣ መድኃኒት አይደለም። ገና ሳህን ላይ ባደጉ የካንሰር ሕዋሳት የሚሞከር ዱቄት ነው። ሰው ቀምሶትም አያውቅ።»

ጠቀሱኝ። «ጎበዝ! መካድ እንዲህ ነው።»

በካድሁ ቁጥር እምነታቸው ጠና። ፊቴ ሲቀላማ ጭራሽ አረጋገጡ።

የቀጠሮው ዋዜማ እሳቸው ማኅበር የሚያወጡበት ቀን ነበር። ቤቱ በሴቶች ተሞልቷል፤ የነፍስ አባታቸውም አሉ። ጠላ ስቀዳ ቆይቼ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጥሁና መሀል ቆምሁ።

«እትየ የሚጠብቁት መድኃኒት መነሻው ኢንዶል ይባላል» አልሁ።

አክስቴ ዓይናቸውን አፈጠጡ።

«ጥሩ ሽታ ያለው አበባ ውስጥ አለ። የጎመን ዘር ውስጥም ዘመዱ አለ። ደግሞም...» ወደ ቄሱ ላለማየት ጣሪያውን አየሁ፤ «ዓይነ ምድር ውስጥም አለ።»

ቄሱን ጠላው ትን አላቸው።

«ውይ!» አለች ጎረቤታችን። «ይህንን ነው ሊውጡት የነበረው?»

«እኔ እንኳ ከሌላ ኬሚካል ነው የምሠራው። አሲድ ጨምሬ አፈላዋለሁ፣ ከዚያ...»

«ዝም በይ! አንች ልጅ፣ አከሸፍሽው እኮ!»

«ቆይ እትየ፣ የማጣሪያውን አልነገርኋቸውም።»

የማጣሪያውንም፣ የማድረቂያውንም ተናገርሁ። አንድም ውሸት አልጨመርሁበትም። በሕይወቴ እንደዚያ ብዙ ያወራሁበት ቀን የለም።

እንግዶቹ ሲሄዱ አክስቴ ተኮራምተው ቁጭ አሉ።

«እንግዲህ ምን ቀረኝ?»

«ባሕር ዳር።»

«የዚያ አገር ሐኪምስ እንዳንች ይለፈልፋል?»

«ኧረ አንድ ቃል አይተነፍስም። የሚጽፈውንም ሰው አያነበውም።»

ትንሽ አሰቡ። «አዋቂማ እንዲህ ነው» አሉና ለጠዋቱ ሚኒባስ ነጠላቸውን ማጠፍ ጀመሩ።